ቴክ አዌይ ፒዛ ከማዘዛችሁ በፊት ሴንቲ ሜትሩን ጠይቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ፒዛ እየገዛችሁ ቤት የምትወስዱ ወይም በዴሊቨሪ የምታስመጡ ሁሉ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ልኩን ሳትጠይቁ ስለምታዙ ነው። ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚባለው ለሁሉም ቤት አንድ አይደለም። አንዱ ቤት ሚዲየም ብሎ የሚሸጠው ሌላው ቤት ስሞል ሊሆን ይችላል። ቁራጭ መቁጠርም ዋጋ የለውም፤ ያው ፒዛ ለ6ም ለ8ም ይቆረጣል።

ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ከዳር እስከ ዳር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?" የሚለውን ይሁን። አናውቅም ካሏችሁ የሚጋገርበትን ትሪ ለክተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩን ስታገኙ በራሱ አባዙትና ዋጋውን ለውጤቱ አካፍሉ። ለምሳሌ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስሞል 450 ብር፣ 34 ሴንቲ ሜትር የሆነው ላርጅ 750 ብር ነው እንበል። 22 ሲባዛ በ22፣ 484 ይሆናል፤ 450 ለ484 ሲካፈል 0.93 ይመጣል። 34 በ34 ደግሞ 1,156 ነው፤ 750 ለእሱ ሲካፈል 0.65 ገደማ። ትንሽ የሚመጣው ርካሹ ነው። ላርጁ በ300 ብር ቢበልጥም የሚበላው ስፋት ከእጥፍ በላይ ነው።

በዚህ ላይ የዳሩ ነገር አለ። ብዙ ፒዛ ቤቶች ዙሪያውን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ሊጥ ይተዋሉ። 22 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ይህ ባዶ ዳር ከጠቅላላው ስፋት አንድ ሦስተኛ ይወስዳል። 34ቱ ላይ ግን 22 በመቶ ብቻ ነው። ስሞል የሚያዝ ሰው ከሦስት አንዱን እጅ ባዶ ዳቦ ነው የሚገዛው ማለት ነው።

"አንዱን ሲገዙ አንዱ በነፃ" የሚለው ማስታወቂያ የሚያታልለውም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት ባለ 24 ሴንቲ ሜትር ፒዛ ተደምሮ ከአንድ ባለ 34 ጋር እኩል ነው። ባዶ ዳሩ ሲቀነስ ደግሞ ሶስና ቺዝ ያረፈበት ቦታ ከላርጁ ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱ የሚሸጡበትን ዋጋ ከዚያው ቤት ላርጅ ዋጋ ጋር አነጻጽሩ። ሁለት ካርቶን ስለተሸከማችሁ ብዙ አገኛችሁ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ከፋው እንምጣ፤ የጾም ፒዛ። ፒዛ ላይ ዋናው ወጪ ቺዙ ነው። በደንብ የተሠራ ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ፒዛ ከ100 እስከ 150 ግራም ቺዝ ይወስዳል። ዱቄቱ፣ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ናቸው። ያ ሁሉ ቺዝ ቀርቶ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ተደርቦበት ከፍስኩ ጋር በተቀራረበ ዋጋ ከተሸጠ ጾመኛው እየተበዘበዘ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲጨመሩ ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም። ያለ ቺዝ ስንት እንደሚቀነስላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የማይቀንስ ቤት ቢያንስ እንጉዳይ፣ ድንች ወይም አቮካዶ በበቂ መጠን ሊጨምር ይገባል።

ጣዕሙም ይጎዳል። ቺዝ ሶሱን ከላይ ሸፍኖ ከእሳት ይከላከልለታል፤ ከሌለ ሶሱ ይደርቃል፣ ዳሩ ይጠጥራል፣ ቲማቲሙ የሚለቀው ውኃ ደግሞ መሐሉን ያላቁጠዋል። ለጾም ስታዙ ሶስ እንዲጨምሩ፣ ጥሬ ቲማቲም ግን እንዲቀንሱ ንገሯቸው። ሊጡ ላይ ወተት፣ ቅቤ ወይም እንቁላል መኖር አለመኖሩን ሳታረጋግጡም አትውሰዱ፤ ለፍስክና ለጾም አንድ ሊጥ የሚጠቀም ቤት ሊያጋጥም ይችላል። መቁረጫውስ ታጥቧል ወይ? ይህንንም ጠይቁ።

ፍስክ ከሆነ ቺዙ ምን እንደሆነ እወቁ። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ ከወተት የሚሠሩ ናቸው። ከአትክልት ዘይትና ከስታርች የሚዘጋጅ ቺዝ መሰል ነገርም አለ፤ በዋጋው ይረክሳል፣ ስለዚህ በእውነተኛ ቺዝ ዋጋ ሊሸጥላችሁ አይገባም። መሳቡን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ አንዳንዱ ሰው ሠራሽም ይሳባል። ሲቀዘቅዝ ተመልከቱት፤ እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረና አፍ ውስጥ የቅባት ሽፋን ከተወ ጠርጥሩ። ቀጥተኛው መንገድ ግን ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነው።

ክፍያው ላይ ደግሞ የተጻፈው ዋጋ ቫት የገባበት መሆኑን አጣሩ። 700 ብር ተብሎ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲደመርበት 770 ይሆናል፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 885 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ካርቶኑና ማድረሻው ገና አልተቆጠሩም። ይዛችሁ ለምትሄዱት ምግብ ማንም ጠረጴዛ ላይ ስላላስተናገዳችሁ ሰርቪስ ቻርጁ እንዲቀነስ ያለ ይሉኝታ ጠይቁ። በመተግበሪያ የምታዙ ከሆነም ቤቱ ጋ ደውሉና ዋጋውን አመሳክሩ፤ መተግበሪያው ላይ ከፍ ሊል ይችላል። ነጋዴ ዋጋውን መለጠፍና ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጓል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

ከፍላችሁ ከወሰዳችሁ በኋላም ፒዛው እየተበላሸ ነው የሚመጣው። ትኩስ ፒዛ በተዘጋ ካርቶን ውስጥ እንፋሎቱ መውጫ ስለሚያጣ ተመልሶ ሊጡ ላይ ያርፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሥሩ ረጥቦ ይላቁጣል። በከተማችን የመኪና ጭንቅንቅ ይህ የተለመደ ነው። ራሳችሁ የምትወስዱ ከሆነ የካርቶኑን ክዳን አንድ ጣት ያህል ከፈት አድርጋችሁ ያዙት። ቤት ሲደርስ ማይክሮዌቭ አትጠቀሙ፣ የባሰ ያለሰልሰዋል። ደረቅ መጥበሻ በመካከለኛ እሳት አግላችሁ ቁራጮቹን አስቀምጡ፤ 2 ደቂቃ ሲሞላው ከፒዛው ራቅ አድርጋችሁ ጥቂት የውኃ ጠብታ ጣሉና ለ2 ደቂቃ ክደኑት። ሥሩ ይደርቃል፣ ቺዙም ይቀልጣል።

ቤት መሥራት ለምትፈልጉ፣ 500 ግራም ዱቄት፣ 310 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 4 ግራም እርሾና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ሦስት ፒዛ ይወጣዋል። 10 ደቂቃ አሹት፣ ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን ተዉት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ተከተሉ። ቲማቲሙን ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር ውኃው እስኪመጥ አብስሉት፤ ቀጭን ሶስ ነው ብዙውን ጊዜ መሐሉን ጥሬ የሚያስቀረው። ኦቨን ካላችሁ ትሪውን ውስጥ አድርጋችሁ በ250 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት አግሉት፤ ከዚያ ለፒዛው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ኦቨን የሌላችሁ በወፍራም መጥበሻ አንዱን ጎን 3 ደቂቃ ጋግራችሁ ገልብጡት፤ በበሰለው ጎን ላይ ሶስና ቺዙን አድርጋችሁ እሳቱን ቀንሱና 5 ደቂቃ ክደኑት።