በስሙ በተጠራበት ኮረብታ ላይ ያልቆመው የቦስተን ሐውልት

ቦስተን ለሚኖርም ሆነ ለጉብኝት ለሚመጣ ሰው በቻርልስታውን ሰፈር የሚገኘውን የበንከር ሂል ሐውልት እንዲያይ እመክራለሁ፤ ሆኖም በቀጥታ ወደ ደረጃው ከመሄድ ይልቅ መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሙዚየም ቢጀምር ይሻለዋል። ለሁለቱም መግቢያ አይከፈልም። ታሪኩን ሳያውቅ የወጣ ሰው ከዚህ 67 ሜትር ከፍታ ካለው ግራጫ ግራናይት የሚያተርፈው የዛለ ጉልበትና የከተማዋን እይታ ብቻ ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ለመላቀቅ ባካሄዱት ጦርነት እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1775 የተደረገው ውጊያ በአብዛኛው የተካሄደው በበንከር ሂል ሳይሆን ሐውልቱ በቆመበት በብሪድስ ሂል ላይ ነበር። በዚያ ላይ መታሰቢያው የቆመው ኮረብታውን ለለቀቁት ነው፤ የቅኝ ግዛቱ ታጣቂዎች ባሩድ አልቆባቸው ሲያፈገፍጉ የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ቢይዝም ከ1,000 በላይ ሰው ሞቶበትና ቆስሎበት ነበር። ከታጣቂዎቹ ወገን ከወደቁት አንዱ ሐኪሙ ጆሴፍ ዋረን ሲሆን፣ በ1794 በቦታው የተተከለውን የመጀመሪያውን የእንጨት ምሰሶ ያቆሙለት ፍሪሜሶን በተባለው የወንድማማችነት ማኅበር ውስጥ የነበሩ ባልንጀሮቹ ናቸው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የግንባታው ታሪክ ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው ውጊያው 50 ዓመት በሞላው በ1825፣ በነጻነት ጦርነቱ ከአሜሪካውያን ጎን የተዋጋው ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋየት በተገኘበት ነበር (ሲሞትም ፓሪስ በሚገኘው መቃብሩ ላይ የዚህ ኮረብታ አፈር ተነስንሶለታል)። ድንጋዩን በኩዊንሲ ከተማ ካለው የድንጋይ ካባ ለማጓጓዝ በ1826 ፈረስ የሚጎትተው የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ሥራው በተደጋጋሚ ሲቋረጥ የሐውልቱ ማኅበር የጦር ሜዳውን መሬት ለቤት መሥሪያ እየቆራረሰ እስከ መሸጥ ደረሰ። በመጨረሻም በ1840 የመጽሔት አዘጋጇ ሳራ ጆሴፋ ሄል ያስተባበረቻቸው ሴቶች በቦስተን ባዛር ከፍተው 30,000 ዶላር ገደማ ሰበሰቡ፤ ሁለት ባለጸጎችም እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር ጨመሩበት፤ ሐውልቱ በ1843 ተመረቀ። በእኔ ግምት እነዚያ ሴቶች ከሐውልቱ ፊት ለፊት ከቆመው፣ በውጊያው ታጣቂዎቹን ከመራው ከኮሎኔል ፕሬስኮት ምስል ያላነሰ ቦታ ይገባቸው ነበር።

ስለ መውጣቱ፦ ደረጃው 294 ነው፤ አሳንሰር የለውም። ጠመዝማዛው ደረጃ አንድ በመሆኑ የሚወጣና የሚወርድ ሲገናኝ አንዱ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ያሳልፋል፤ ድንጋዩም በበጋ ሳይቀር ለእጅ ይቀዘቅዛል። የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ባይሞክረው እመርጣለሁ። ጫፉ ላይ ያለችው ክፍል ጠባብ፣ መስኮቶቿም ትንንሽ ናቸው። ሰው ሁሉ ወደ ወደቡ ያያል፤ እርስዎ ግን አስቀድመው ወደ ታች፣ አደባባዩን ወደ ከበቡት ጣሪያዎች ይመልከቱ፤ ያ የተሸጠው የጦር ሜዳ ነው።