ስለ ተቀናጀ ኮሙኒኬሽን የወሰድኩት የኦንላይን ኮርስ፦ ከ5 ኮከብ 3

የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ክፍል ውስጥ ነው። በቅርቡ ስለ ተቀናጀ ኮሙኒኬሽን፣ ማለትም የድርጅት መልእክቶች በየቦታው እንዲጣጣሙ ስለማድረግ፣ የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ ጨርሻለሁ። ስሙን ልለፈውና ያየሁትን ልንገራችሁ።

አጀማመሩ ደህና ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ዶን ሹልዝና ባልደረቦቹ ማስታወቂያውም የሕዝብ ግንኙነቱም በአንድ ዕቅድ ይመራ ብለው እንደተነሱ ሳያንዛዛ ያስረዳል። የሕዝብ ግንኙነት ምሁሩ የጄምስ ግሩኒግ ቡድን ደግሞ «ይቀናጅ፣ ግን የሕዝብ ግንኙነት በማርኬቲንግ አይዋጥ» ማለቱን አልዘለለም። ክርክሩ ዛሬም አለ። የፌስቡክ ገጹን ማን ይያዝ በሚል ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

ከሁሉ የወደድኩት አንድ የቤት ሥራ ነው። ድርጅታችሁ ስለ አንድ ጉዳይ በየቦታው የሚናገረውን ሰብስባችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ ይላል። እኔ የቅሬታ ምላሽን መረጥኩ። ድረ ገጻችን «በ3 የሥራ ቀን» ይላል። ስልክ የሚያነሱት ልጆች «እስከ ሳምንት» ይላሉ። በራሱ የሚላከው ኢሜይል ጭራሽ ቀን አይጠቅስም። ሎጎውና ቀለሙ ግን የትም ዝንፍ አላለም! አለቃዬ ሠንጠረዡን አየችና የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊውን ወዲያው አስጠራችው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ኮርሱ ጥናቱ አሁን የት እንደደረሰ አያሳይም። ተመራማሪዎቹ እነ ላርስ ክሪስቴንሰን በ2008 ሁሉም አንድ ዓይነት ይናገር የሚለው ነገር ሲበዛ ድርጅቱን ግትር እንደሚያደርገው ጽፈዋል። ፊኔና ግሮንሮስ በ2009 ደግሞ ነገሩን ገለበጡት፦ መልእክቱን በመጨረሻ የሚያቀናጀው ካለፈው ልምዱና ወደፊት ከሚጠብቀው ጋር አያይዞ የሚሰማው ሰው ራሱ ነው። የኔ ሠንጠረዥ እኮ ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ደንበኛው ሦስቱንም ሰምቶ የራሱን ድምዳሜ ይይዛል።

ስለ ሠራተኛውማ ባይነሳ ይሻላል። አንድ ስላይድ ብቻ፦ «ሠራተኞችን በጊዜው አሳውቁ»። ሠራተኛው በራሱ ገጽ ስለ መሥሪያ ቤቱ በሚጽፍበት ዘመን!

ፈተናው ሽምደዳ ነው፣ ሰርተፍኬቱ ያምራል። ለጀማሪ ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ከሆነ ግን ጊዜያችሁን ጆርናል ላይ አጥፉት። ጊዜ ካጠራችሁ የቤት ሥራውን ብቻ ሥሩ፤ ለሱ መመዝገብም አያስፈልግም።