«ቴርፕሲኮሪያን»ን በወጉ የሚያስረዳ የቃላት አፕ

ከግሪክ አፈ ታሪክ የመጡ የእንግሊዝኛ ቃላትን በድምፅ የሚያስተምር አንድ አፕ ሰሞኑን እየተጠቀምኩ ነው። ከትምህርቶቹ ሁሉ ልቤን የወሰደው ስለ «ቴርፕሲኮሪያን» የሚያወራው ነው። መዝገበ ቃላት «ዳንስን የሚመለከት» ብሎ ይገላገለዋል። ልክ ነው፣ ግን ምኑም አይያዝም።

አፑ የሚነሳው ከስሙ ባለቤት፣ ከቴርፕሲኮሪ ነው። ዜውስ ከትዝታ አምላክ ከምኔሞሲኔ የወለዳቸው፣ ሙሳይ የሚባሉ ዘጠኝ ሴት አማልክት አሉ፤ እሷ አንዷ ናት። ባለቅኔው ሄሲዮድ ዘጠኙንም በስም ጠርቷቸዋል፣ ለእያንዳንዷ የራሷ የጥበብ ዘርፍ የተሰጣት ግን ከእሱ በኋላ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ዘሎት ስለሚያልፍ እዚህ በግልጽ መነገሩ ደስ ብሎኛል። ዳንስ የእሷ ድርሻ ሆነ። በሥዕልና በሐውልት ላይ ብዙ ጊዜ የክራር ዘመድ የሆነውን ሊራ ይዛ ትታያለች።

ቀጥሎ ስሟን ለሁለት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ክፍል መደሰትን ያመለክታል፤ ሁለተኛው «ኮሮስ» ደግሞ ጭፈራ ነው፣ እየዘፈነ የሚጨፍረውም ቡድን ጭምር። በጭፈራ የምትደሰት እንደማለት ነው። «ኮሪዮግራፊ» እና «ኮረስ» የምንላቸውም ከዚሁ «ኮሮስ» የወጡ ናቸው። ጀርመናዊው ሚካኤል ፕሪቶሪየስ በ1612 ከ300 በላይ የዳንስ ዜማዎችን ሰብስቦ ሲያሳትም ለመጽሐፉ የሰጠው ስም የእሷን ነው፤ ትምህርቱ ላይ ከዚያ የተወሰደ አጭር ሙዚቃ አለ፣ እግር አያስቀምጥም።

አነባበቡም ተሠርቶበታል። ስሟ ሲጠራ ድምፁ ጎላ ብሎ የሚነገረው «ሲክ» ላይ ነው፣ ወደ ቅጽልነት ሲለወጥ ግን ወደ «ሪ» ይሄዳል። ሁለቱን አከታትሎ ስለሚያሰማ ልዩነቱ ወዲያው ይገባል።

ቅር ያለኝ ምሳሌዎቹ ላይ ነው። ቃሉ ከባድ ነው፤ ዛሬ በተራ ወሬ መሃል ከገባ አንድም ለማሳመር፣ አንድም ለጨዋታ ነው። ጓደኛችሁን «የትናንቱ ቴርፕሲኮሪያን ችሎታህ!» ብትሉት ይስቃል። አፑ ይህን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ይወቅጠዋል። የዳንስ ቀማሪው ባላንሺን በ1928 ያዘጋጀውን ባሌትም ጭራሽ አላነሳውም፣ በባሌቱ የግሪኩ አምላክ አፖሎ ከሙሳይ መሃል መርጦ ለሁለት የሚደንሰው ከእሷ ጋር ሆኖ ሳለ።

ስለ ዳንስ የምትጽፉ ወይም የምታስተምሩ ከሆነ አውርዱት። ፍቺውን ብቻ ለምትፈልጉ ግን ተራ መዝገበ ቃላት ይበቃችኋል።