ለኤሌክትሪክ ሣር ማጨጃ የተገዛ ምትክ ሞተር
የሣር ማጨጃዬ ሞተር ጥቅል ሽቦ በመቃጠሉ፣ ማሽኑን በሙሉ ከመቀየር ይልቅ ተመሳሳይ ኃይል ያለው ባለ 1600 ዋት ምትክ ሞተር ገዝቼ ቤት ውስጥ ገጥሜዋለሁ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከነባሩ ጋር በትክክል የገጠሙ ሲሆን፣ የዘንጉ ውፍረትና ርዝመትም ልክ በመሆኑ ምላጩ ሳይንቀጠቀጥ ይሽከረከራል። በጣም የወደድኩት ከሙቀት መከላከያው ጋር መምጣቱን ነው፤ እርጥብና ረጅም ሣር ምላጩን አንቆ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ከቀዘቀዘ በኋላም ማብሪያውን በድጋሚ ሲጫኑት ይነሳል። አሮጌው ይህ አልነበረውም፤ ሲቃጠልም የሽቦው ቫርኒሽ ሽታ ግቢውን ሞልቶት ነበር።

ቅር ያሰኘኝ መመሪያው ነው። ካፓሲተሩ (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ እንደሚችልና ሳይራገፍ መነካት እንደሌለበት አንድም ቃል አይናገርም፤ ይህን መዝለል ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው። የሽቦዎቹ ቀለምም ከነባሩ ስለሚለይ፣ ከመፍታት በፊት ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ማጨጃቸው ካርቦን ብሩሽ (ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ፣ እየተፋቀ የሚያልቅ ቁራጭ) ያለው ሞተር የሚጠቀም ሰዎች ግን ይህን ዕቃ ከማዘዛቸው በፊት ብሩሾቹ አልቀው እንደሆነ ይመልከቱ፤ እነሱን ብቻ መተካት እጅግ ይረክሳል።