ቢዋ ሐይቅን ለመዞር፦ ቀላል ባለማርሽ ሳይክል ወይስ ባለባትሪ?

የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ቢዋ ነው፤ ሺጋ ግዛት ውስጥ። ሙሉ ዙሩ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሰሜኑን ብቻ ከዞራችሁ ደግሞ ወደ 150 ይጠጋል። ሺንካንሰን ባቡር የሚቆምበት ማይባራ ጣቢያ አካባቢ ሳይክል ስለሚከራይ፣ ከዚያ መጀመር ይቀላል። ጥያቄው የትኛውን ትከራያላችሁ ነው።

ባለባትሪው መጀመሪያ ላይ ያታልላል። ፔዳሉን ነካ ስታደርጉት ወደፊት ይስባችኋል፣ ደስ ይላል። ግን በጃፓን ሕግ የሞተሩ እገዛ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ላይ ሙሉ በሙሉ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚገፋው እግራችሁ ብቻ ነው፣ ብረቱ ደግሞ ከባድ ነው። የሐይቁ ዳር መንገድ በአብዛኛው ሜዳ በመሆኑ ያንን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ መዋል ትርጉም የለውም። ባትሪው መንገድ ላይ ካለቀማ፣ አለቀላችሁ!

ባለማርሹ ቀላል ነው፣ ሜዳው ላይ ይበራል። ሰሜን ጫፍ ላይ ትንሽ ዳገት አለ፣ ማርሽ ቀንሶ ቀስ ማለት ነው። ኮርቻው ግን ጠንካራ ነውና መቀመጫችሁን እዘኑለት።

እኔ ዙሩን ለሚዞር ሰው ባለማርሹን እላለሁ። ለግማሽ ቀን ሽርሽር፣ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው፣ ባለባትሪው ይሻላል።

በየትኛውም ብትሄዱ አስፋልቱ ላይ የተቀባውን ሰማያዊ ቀስት ተከተሉ። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ፣ ሐይቁን በግራችሁ አድርጋችሁ ዙሩ።