8 ሲደመር 5 ለምን 12 እንደሚሆንበት ላወቀችልን አስጠኚ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ዛሬ ልጄ በጊዜ ስለተኛልኝ ልጻፈው። ምስጋናው ለልጄ የሂሳብ አስጠኚ ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለነገረችኝ እሱ "ቲቸር" እንደሚላት እኔም ቲቸር ልበላት።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። ሂሳብ ሲባል ሆዱን ያመው ነበር። የምሬን ነው። የቤት ሥራ ያለበት ቀን ሆዱን ይዞ ይቀመጣል። ቀደም ሲል የላክነው አንድ ማስጠኛ ቦታ ሰዓት እየያዙ ሃምሳ ጥያቄ ያሠሩት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባሰበት። እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። "ጣትህን አውርድ! በጭንቅላትህ አስብ!" እያልኩ ስጮህበት ከረምኩ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ።

ቲቸር የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልያዘችም። አንድ ፌስታል ቆርኪ፣ ሁለት ዳዶ፣ ጠመኔ። ገንዘቤን ውሃ በላው አልኩ በሆዴ።

እሷ ግን ከሁሉ በፊት ደብተሩን ጠየቀች። ኤክስ ያደረግኩባቸውን ገጾች ዝም ብላ ገለጠች። 8 ሲደመር 5፣ 12 ብሏል። 6 ሲደመር 3፣ 8። 9 ሲደመር 4፣ 12። "አዩት?" አለችኝ። "ሁሉም ላይ የሚያንሰው በአንድ ነው።"

አላየሁትም ነበር። ኤክሱን ያደረግኩት እኔው ነኝ እንግዲህ።

"እስኪ እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ" አለችው። "ስምንት" ብሎ አንድ ጣት አነሳ። ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት። አምስት ጣት ሞላ። ስምንትን ራሱን አንድ ብሎ ቆጥሮታል። ልጁ በየጥያቄው ያቺኑ አንዲት ስህተት ሳያዛንፍ ይደግማታል፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ጣቱ ላይ እጮሃለሁ።

ንግግር አላበዛችም። በረንዳው ላይ በጠመኔ ከ0 እስከ 20 መሰላል ሳለች። ስምንት ላይ ቁም፤ አምስት ዝለል። የቆመበትን ረግጦ "አንድ" ሊል ሲል "ዘለልክ እንዴ?" ትለዋለች። ይስቃል። አልዘለለማ! ሦስት ቀን እንዲህ ሲዘል ሰንብቶ ያቺ የአንድ ጉድለት ጠፋች። መቀነስም እዚያው መሰላል ላይ ነው፤ ወደ ኋላ መዝለል። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱበት ጠመኔው ስለሚለቅ በየሁለት ቀኑ የምስለው እኔ ነኝ።

ቆርኪው ለሌላ ነው። አስር ቆርኪ ታስቆጥረዋለች፤ ከዚያ ጥቂቱን በእጇ ትከድናለች። ስድስት ይታያል። ስንት ተደበቀ? መጀመሪያ ሰሞን ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። አሁን እጇ ሳያርፍ "አራት!" ይላል። 9 እና 1፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3 በዚሁ ገቡለት። አሁን 8 ሲደመር 5 ስትሉት ከአምስቱ ሁለት ይወስድና ስምንትን አስር ያደርገዋል፤ ሦስት ይተርፋል፤ አስራ ሦስት። ጣቱን ማንም አውርድ ሳይለው አወረደ።

"አስራ ሦስት" የሚለው ስም ውስጥ አስርም ሦስትም እንዳሉ ያሳየችውም ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ ከሦስት፣ አርባ ከአራት፣ ሃምሳ ከአምስት ጋር ይመሳሰላል። ሃያ ብቻ ነው ሁለትን የማይመስለው። ልጄ ሃያን "ከዳተኛው" ብሎ ሰይሞታል።

የዳዶው ጨዋታ የፈረስ ውድድር ነው። ከ2 እስከ 12 የተጻፈባቸው 11 ቆርኪዎች ይሰለፋሉ። ሁለቱ ዳዶዎች ይወረወራሉ፤ ድምሩ የወጣለት ፈረስ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ልጄ "ትልቁ ቁጥር ነው" ብሎ 12ን ያዘ። ተሸነፈ። ደገመ፤ ተሸነፈ። ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ቲቸር አፈጠጠችብኝ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ወደ 7 ዞረ። "ለምንድነው 7 ሁሌ የሚሮጠው?" ሲላት ነው ወረቀት ያወጣችው። 1 እና 6፣ 2 እና 5፣ 3 እና 4። ዳዶዎቹ ሲቀያየሩ ስድስት መንገድ ይሆናል። 12 ግን 6 እና 6 ብቻ፤ አንድ መንገድ። ያን ከሰዓት የሠራውን ድምር ቆጥሬ ስልሳ ላይ ተውኩት። ሆዱን አላመመውም።

አንድ ቀን ደግሞ 8 ሲደመር 4 እኩል ይሆናል ባዶ ቦታ ሲደመር 5 ብላ ጻፈችለት። ባዶው ላይ 12 አለ። አምስተኛ ክፍል ያለችው እህቱም ከጀርባ "12!" ብላ ጮኸች። 7 ነው እኮ። የእኩል ምልክት "መልሱን ጻፍ" የሚል ትዕዛዝ መስሏቸው ነው። ግራና ቀኙ እኩል መሆን እንዳለበት እንዲያዩ ሁለቱንም አስቀምጣ በልብስ መስቀያ ሚዛን አሠራቻቸው።

እንከን የላትም አልልም። የመምጫ ሰዓት ላይ ላላ ትላለች። የተሞላ ደብተር ማየት የሚፈልግ ወላጅም አይወዳትም። የመጀመሪያው ወር የትምህርት ቤት ውጤቱ ንቅንቅ ስላላለ ባለቤቴ ሊያስቆማት ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ልጁ ቢለምናትም ትነሳለች። ወላጅ ስልኩን አስቀምጦ አጠገቡ ካልተቀመጠ ደግሞ አትጀምርም። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳትመጣ በምትቀርበት ቀንም ቆርኪውን ይዘን የምንቀመጠው በዚህ የተነሳ ነው።

የምትቀበለው እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን ብቻ ነው። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ልጃችሁ የተሳሳተበትን ደብተር ነው። እንዳታርሙት።