የሳራ ጎሜዝ ብቸኛ ረጅም ፊልም፦ የታደሰው ቅጂ

ጥቁር ኩባዊቷ የፊልም ዳይሬክተር ሳራ ጎሜዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ስታርፍ ገና 31 ዓመቷ ነበር። የጀመረችውን ብቸኛ ረጅም ፊልሟን «ደ ሲየርታ ማኔራ»ን የጨረሱላት የሙያ ባልደረቦቿ ናቸው።

ሙዚቃ ተምራ፣ ጋዜጠኝነት ሠርታ በ1961 የኩባ ፊልም ተቋም ገባች፤ ለፈረንሳይ ፊልም ሠሪዋ ለአኜስ ቫርዳም ረዳት ሆናለች። ለዓመታት የሠራቻቸው አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሻራቸው በዚህ ፊልም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመምህርቷ ዮላንዳና የፋብሪካ ሠራተኛው ማሪዮ ፍቅር እየተተረከ ሳለ የተራኪ ድምፅ ጣልቃ ገብቶ ስለ አባኩዋ የወንዶች ማኅበር ያስረዳል፤ የብረት ኳስ የድሮውን ሰፈር ግድግዳ ይንዳል። ተዋንያኑ ከእውነተኛ ነዋሪዎች ጋር ተቀላቅለው ይጫወታሉ። ተራኪው አልፎ አልፎ ይጫናል፤ የዮላንዳና የማሪዮ ጭቅጭቅ ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

በርሊን የሚገኘው የፊልም ተቋም አርሰናል በ2021 ያቀረበው እድሳት እጅግ ደስ ያሰኛል። ፊልሙ በ16 ሚሊ ሜትር ተቀርጾ ወደ 35 ስላደገ ምስሉ ላይ የሚታየው የፊልም ቅንጣት ጎላ ይላል፤ ጉድለት አይደለም። ቴሌቪዥናችሁ ላይ ምስል የሚያለሰልሰውን «ኖይዝ ሪዳክሽን» አጥፉት፤ አለዚያ የሰው ፊት ሰም ይመስላል። ስለ ገዛ ቤተሰቧ የሠራችውን የ1966ቱን «ጓናባኮአ» ካገኛችሁ ግን እሱን አስቀድሙ።